በስልክ የጠራሁት የዓሣ ድግስ

ጣና ላይ ጀልባ ስነዳ ባረጀሁበት ዘመን ሁሉ ሰው ወደኔ የሚመጣው በእግሩ ነበር። ወደቡ ላይ ይደርሳል፣ «ደቅ ደሴት ትሄዳለህ?» ይላል፣ ይሳፈራል፤ በቃ። ጉልበቴ ከጀልባ ካወረደኝ ወዲህ ነው፣ ዛሬ ሰው በእግሩ ሳይሆን መጀመሪያ በጣቱ እንደሚመጣ የተማርሁት። ያስተማረችኝም የመጨረሻዋ ልጄ ናት።

ባህር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ከእሷ ጋር እኖራለሁ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ልጄ የመሥሪያ ቤት ሥራዋን ለቃ፣ ጓዳችን ውስጥ ጠረጴዛ አቁማ፣ ለነጋዴዎች ገበያተኛ የምታመጣበት አዲስ ሥራ ጀምራ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ልጀምር ስል ወደ መቅዘፊያ የዞርሁ ሰው ነኝ።

«አባዬ፣ ኢንተርኔት ላይ እንደ ትልቅ ሜዳ ያለ ቦታ አለ» አለችኝ አንድ ቀን። «ማንም ሰው ይገባና ስለሚያውቀው ነገር የራሱን ገጽ ይሠራል። ዶሮ የሚያረባ ስለ ዶሮ፣ ልብስ የሚሰፋ ስለ ስፌት። ሌላው ሰው ደግሞ እውቀት ፍለጋ መጥቶ ያነባል። እኔ ከገጹ ግርጌ የደንበኛዬን ቤት አድራሻ አስቀምጣለሁ። ያነበበው ሰው ወደ ደንበኛዬ ይሄዳል።»

«ሜዳው የማን ነው?»

«የባለቤቱ ነዋ። ግን ለሁሉም ክፍት ነው።»

«ኪራይ የለውም?»

«የለውም።»

«እንዲህ ያለ ባለርስት በዕድሜዬ አላየሁም» አልኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዋ የዓሣ ቤት ያላት ሴት ናት። ቤቷ ከሐይቁ ዳር፣ ከዋርካ ሥር ነው። ቦታውስ ያምራል፤ ግን ከትላልቆቹ መዝናኛዎች ጀርባ ስለተሸጎጠ ከመንገድ አይታይም። ሴትዮዋ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ብስጭቷ ደግሞ ከሳቋ የሚብስ ሰው ናት። በዐቢይ ጾም ቤቱን ከፈተችው፤ ዓሣ የጾም ነው የሚሉትም፣ አይደለም እያሉ የሚበሉትም ሞሉላት። ፋሲካ ሲመጣ ግን ከተማው በሙሉ ወደ ሥጋ ዞረ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በዚያ ወራት ዓሣን ማን ያስታውሰዋል? ወንበሮቿ ባዶ ቀሩ።

«እስከ ጰራቅሊጦስ አያለሁ» አለች። «ሰው ካልመጣ ዘግቼ ወደ እህቴ ቤት እገባለሁ።»

የዚህች ሴት መዝጋት እኔን ምን ያገባኛል? በጣም ያገባኛል። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ልጄ ለእህቱ የቢሮ ሥራ አግኝቶላት፣ «ይህን የስልክ ጨዋታ ተይና ነይ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። እሷም አንድ ማታ፣ «እሺ፣ ያቺ ዓሣ ቤት ከተዘጋች እመጣለሁ። አንድ ደንበኛ እንኳ ማቆየት ካልቻልሁ ሥራው የኔ አይደለም» ስትለው ሰማኋት። እኔ እራቴን እያላመጥሁ ነበር፤ ሳልጨርስ እጄን ታጠብሁ። ልጄ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና ጠረጴዛዋ ነን።

ገጹን ግን ሠርታው ነበር። «በባህር ዳር ተወዳዳሪ የሌለው ዓሣ» ይላል፤ ፎቶም አለበት። ገጹ ጎብኚዎቹን ይቆጥራል። የዚያን ሳምንት ጎብኚዎች እሷና እኔ ነበርን፤ እኔም የገባሁት ስልኩን ላጠፋ ስል ነክቼው ነው።

«ምን ጎደለው?» አልኋት።

«ማወደስ ብቻ ሆነ፣ አባዬ። ሜዳው ላይ ዝም ብሎ የሚያወድስ ገጽ የሚያየው የለም። ሰው የሚጠቅመው ነገር ይፈልጋል። እስቲ እርስዎ ስለ ዓሣ ያጫውቱኝ።»

አጫወትኋት። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ እንዴት እንደሚያበራ፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ሲገለጥ እንዴት እንደሚቀላ ነገርኋት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመጠበሱ በፊት ጎኑ እስከ ጭራው ካልተተለተለ መሐሉ ጥሬ እንደሚቀር፣ አምባዛ ደግሞ ከጥብስ ይልቅ ለመረቅ እንደሚሻል። እኛ ጀልበኞች ንፋስ ደሴት ላይ ሲያስቀረን በሎሚና በአዋዜ እንዴት እንደምንበላው ስነግራት ምራቄ መጣ። እሷም ጣቶቿ ስልኩ ላይ እየዘለሉ፣ «አባቴ፣ የጣናው ጀልበኛ፣ እንዳሉት» ብላ ሁሉንም ጻፈች። ማለቂያው ላይ ስንደርስ ባለ ዓሣ ቤቷ ደወለች፤ የጋዙ ማንደጃ አልነድ ብሏታል። ልጄ ነጠላዋን አነሳች።

«የገጹን መዝጊያ ቃል እርስዎ ይበሉት። ለእሁድ ሰው ይጥሩልን። ይህችን ተጭነው ይናገሩ፣ ስልኩ ራሱ ይጽፈዋል። ሲጨርሱ ሰማያዊውን ይንኩ» ብላኝ ወጣች።

ሰው መጥራት እኔ አውቅበታለሁ። ደቅ ላይ ሰርግ ሲኖር፣ ተዝካር ሲኖር፣ ጥሪውን ከደሴት ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ደሴት የማደርሰው እኔ ነበርሁ። ጥሪ ወግ አለው። «ብትመጡ ደስ ይለናል» ተብሎ አይጠራም፤ እንዲያ ብለህ ከጠራህ ለይስሙላ ነው ብሎ ሰው ይቀራል። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ጀልባ ላይ እንደቆምሁ ሁሉ ተነስቼ ቆሜ ተናገርሁ፦

«ግሽ አባይ ያላችሁ፣ ፋሲሎ ያላችሁ፣ ከሐይቁ ወዲህም ወዲያም ያላችሁ ወገኖች! የፊታችን እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ዋርካው ሥር ተጠርታችኋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይዞ ይምጣ። መንገደኛም ይግባ። የተጣላ ታርቆ ይምጣ። ዓሣው የሐይቁ ነው፣ ቤቱ የእናንተ ነው። የቀረውን እንቀየመዋለን!»

ሰማያዊውን ነካሁ። ከዚያ ሥራዬን እንደጨረሰ ሰው ጋደም አልሁ።

ማታ ልጄ በጩኸት ቀሰቀሰችኝ። «አባዬ! አባዬ! ሰው ገጹን እየተቀባበለው ነው!» ጎብኚው እንደ ክረምት ውኃ ይጨምራል። የመዝጊያውን ቃል አንብባ፣ «እንዴት ያምራል! እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማን አለው?» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም ጥሪዬ ማስታወቂያ መባሉ ገረመኝ። ከገጹ ሥር ሰዎች ይጽፋሉ። «መቅረት የለም፣ አባባ!» ይላል አንዱ። ሌላዋ፣ «ምን ይዘን እንምጣ?» ትላለች። የተጠየቀ ሰው መመለስ አለበትና እኔ፣ «ራሳችሁን ብቻ» አልሁ። ስልኩ ጻፈው።

እሁድ ጠዋት ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ወንበሩ ባዶ፣ ሐይቁ ጸጥ ያለ። ባለቤቲቱ ሽርጧን እየጠመዘዘች ከማድቤት በር ትወጣለች፣ ትገባለች። ልጄ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ከዚያ ቅዳሴ ወጣ።

መጀመሪያ የመጡት ድፎ ዳቦ የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ራሳችሁን ብቻ ቢባልም ድግስ ቤት ባዶ እጅ አይገባማ! ከኋላቸው ነጠላ የለበሰ፣ ልጁን በትከሻው የያዘ፣ ባርኔጣውን ያወለቀ ሰው መንገዱን ሞላው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች መጡ፣ አስተማሪዎች መጡ። በሐይቁ በኩል ደግሞ አንዲት ጀልባ ብቅ አለች፤ የድሮ ተሳፋሪዎቼ ከደቅ እንስራ ጠላ ጭነው «ጠራኸን አይደል!» እያሉ ይጮሃሉ። ወንበር አለቀ። ሰው ሣሩ ላይ፣ የዋርካው ሥሮች ላይ ተደረደረ። የሰፈራችን ካህን መምሬ ሳይቀሩ መጡ፤ ከጎረቤታቸው ጋር ክፉኛ ተጣልተው ነበር፣ የጎረቤታቸውን ክንድ ይዘው ነው የገቡት። «ታርቃችሁ ኑ ተብሏል» አሉኝ።

አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተክለው ባለቤቲቱን አቆሟት።

«ልጄ፣ ተዝካር ነው ወይስ ሰርግ? ንገሪኝና ወይ ለቅሶዬን ወይ እልልታዬን ላውጣ።»

«ዓሣ ነው፣ እማማ! ዓሣ ብቻ ነው!»

«የሞተው ዓሣው ነው?»

«አዎ፣ እሱ ብቻ ነው የሞተ!»

«እንግዲያስ» አሉና እልልታውን ለቀቁት። ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው።

ባለቤቲቱ ልጄን ወደ ማድቤቱ ጎተተቻት፤ እኔም ተከተልሁ።

«ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም!» አለች በሹክሹክታ፣ የእሷ ሹክሹክታ እስከ ሐይቁ ይሰማል። «ሁሉም ‹ያበርክትልሽ› እያለ ነው የሚቀመጠው! ምን ብላችሁ ነው የጠራችሁት?»

ልጄ ስልኳን አውጥታ እንደገና አነበበችው። ፊቷ እንደ ነጠላዋ ነጣ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የድግስ ጥሪ ነው!»

«ሌላ ምን ጥሪ አለ?» አልሁ።

አየችኝ፣ አየኋት። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በልቶ መርቆ ሲሄድ ቤቷ እዚያው ይዘጋል፤ ልጄን በገዛ አፌ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኋት ማለት ነው። የዓሣው ሳጥን ላይ ተቀመጥሁ።

ባለቤቲቱ በበሩ አጮልቃ ሕዝቡን ቃኘችው። አሮጊቷ እያጨበጨቡ ነው፤ መምሬ ድፎውን ባርከው ይቆርሳሉ። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው።

«የተጠራን ሰው እንዴት አድርጌ ነው ‹ሂሳብ› የምለው? እናቴ ከመቃብር ትነሳብኛለች። መጥበሻውን አምጡ!»

ያን ቀን የተሠራውን ሥራ! ልጄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቅርፊት ትፍቃለች፣ ቅርፊቱ ፀጉሯ ላይ እንደ ዝናብ ጠብታ ያበራል። እኔ እተለትላለሁ። ዓሣው ሲያልቅ የደቅ ሰዎች ጀልባቸውን አዙረው ከአሥጋሪዎች አመጡ። ጠላው ይዞራል፣ ድፎው ይዞራል፣ ሰው በሎሚና በአዋዜ ይበላል፣ «አባባ እንዳሉት ነው!» ይላል። ባለቤቲቱም ሁሉን ረስታ «ብሉልኝ! ምነው ተዋችሁት?» እያለች በየሣሩ ታጎርሳለች። እኔም ፍርሃቴ ሳይለቀኝ ሳቅሁ፤ እንዲያ ያለ ሁካታ ውስጥ ሳይስቁ መቀመጥ አይቻልም።

ተበልቶ ሲያበቃ መምሬ ለምርቃት ቆሙ። መረቁ፣ አረዘሙ። ጨርሰው ሊቀመጡ ሲሉ ማኅበር ላይ እንደለመዱት፣

«መጪው ተረኛ ማነው?» አሉ።

«መምሬ» አለች ባለቤቲቱ ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ ማኅበር አይደለም። ምግብ ቤት ነው።»

«በልተናል አይደል?»

«በልታችኋል።»

«በነጻ?»

ባለቤቲቱ ጎንበስ ብላ ሰሐን መሰብሰብ ጀመረች።

«እንግዲያው ተረኛ አለበት» አሉ። «በታቦት ስም አልተጠራምና ጽዋ አልለውም። ይህ ይበቃናል።» አጥንት ብቻ የቀረበትን ትሪ አነሱና በሁለት እጃቸው ዘረጉት። «ማን ይይዛል?»

ከፋብሪካ የመጣ ጎልማሳ ተነሳ። ሚስቱ እጀጌውን ይዛዋለች፤ የምታስቀረው መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየገፋችው ኖሯል።

«እኔ ልያዝ» አለ። «ከሌላ አገር ነው የመጣነው፤ እዚህ ዘመድ የለንም። ወደዚህ ከተማ ከመጣን ወዲህ የጠራን ይሄ ገጽ ብቻ ነው። የተከራየሁት ቤት ጠባብ ነውና የማበላችሁ ግን እዚሁ ነው። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እከፍላለሁ።»

ትሪውን ተቀበለ። እልልታ! ከዚያማ ማን ይቆማል? «ቀጥሎ እኔ!» «እኔስ?» «እኔና ወንድሜ ባንድ ላይ!» መምሬ ተራ ማስያዝ አቃታቸው። ባለቤቲቱ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየች አፏን በሽርጧ ሸፈነች። ጩኸቱ በረድ ሲል ልጄ፣ ቅርፊቱ አሁንም ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ ተንጠራርታ፣

«የመጨረሻው ተራ የኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

ጰራቅሊጦስ አለፈ። ቤቷ አልተዘጋችም። አሁን እሁድ እሁድ ከዋርካው ሥር ተረኛው ያበላል፤ ባለቤቲቱ ትሠራለች፣ ይከፈላታል። ልጄ ደግሞ ተረኛውን ሳትጠይቀው አትለቅም። «እርስዎ ምን ያውቃሉ?» ትለዋለች። የፋብሪካው ጎልማሳ ጥሩ ጋቢ በምን እንደሚለይ ነገራት፣ ገጽ ሆነ። አንዷ አስተማሪ የማያነብ ልጅን ስለ ማባበል ነገረቻት፣ ገጽ ሆነ። ሁሉም ከግርጌው የዋርካው ዓሣ ቤት አለበት። ይህን ያየ ፀጉር አስተካካይና አንድ የጀልባ ባለቤት ደንበኛዋ ሆነዋል። እኔ እንደ ፊቱ የመዝጊያውን እናገራለሁ፤ ሰማያዊውን ግን እሷ ካላነበበችው እንዳልነካ ተከልክያለሁ።

ወንድሟ አሁንም ይደውላል።

«ታዲያ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ተራዬ ሳይደርስ? ቃል ገብቼ!»

«ተራሽ መቼ ነው?»

«ሰው ብዙ ነው» ትለዋለች፣ እኔን እያየች።

ባለፈው እሁድ ገና ከተማው ውስጥ የገቡ ባልና ሚስት መጥተው፣ በልተው፣ በሚቀጥለው ዙር ተራ ይገኝ እንደሆነ በፍርሃት ጠየቁ። ያን ቀን ከልጄ በፊት የቀረ ተረኛ አልነበረም፤ ቀጣይዋ እሷ ነበረች። ልጄ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ግድ የለም» አለቻቸው፣ «ከእኔ ይቅደሙ።»

እኔ ዓሣዬን ትሪው ላይ መለስሁት። በአጥንቱ መሐል የሚመጣ ሳቅ ያንቃል።