የአባቴ ኮምፕሬሰርና ኢንጂነሩ

የሰም ሽታ አፍንጫውን ሲነካው ሌላው የቦንጋ ልጅ ማር ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ የአባቴ ኮምፕሬሰር ነው። ከሱ ጋር ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እስከ ዛሬ የምንቀው አንድ ሰው አብሮ ይመጣል።

ልጅ እያለሁ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ጎማ ይጠግን ነበር። ጎሚስታው ጋሽ አደሎ ቢባል በሺሺንዳ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። የሥራ ቦታው ከማድ ቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቆርቆሮ ዳስ ነበር፤ መሀሉ ላይ ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ በአሮጌነቱ የተገዛው ኮምፕሬሰር ተተክሏል። ሲነሣ ግቢው ይንቀጠቀጣል፣ የእናቴ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የጋለ ጎማና የሞተር ዘይት ከዝናቡ ጭቃ ጋር ተደባልቆ ይሸታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ የአየሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ፊት እቀመጥና መርፌው ስምንት ሲደርስ «ሞላ!» እላለሁ። ሞተሩ ስምንት ላይ ራሱ ቀጥ ስለሚል ጩኸቴ ለምንም አይጠቅምም ነበር፤ አባቴ ግን ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም።

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ በወጣበት ሰሞን መርፌው አራት ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ሞተሩ ያጓራል፣ ይግላል፣ አራትን ግን አያልፍም። አራት ደግሞ ለብስክሌት ካልሆነ ለአውቶብስ ጎማ ምን ያደርጋል? ሾፌሮቹ አንድ ሁለቴ ታገሡን። ከዚያ ሌላ ጎሚስታ ፍለጋ በደጃችን ማለፍ ጀመሩ። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያች ማሽን ነበርና እናቴ የሚያልፉትን መኪኖች መቁጠር ጀመረች።

አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። በጣሳ ሳሙና በጥብጬለት መጋጠሚያውን ሁሉ አረፋ ቀባን፤ አየር የሚያፈስ ቦታ ቢኖር አረፋው ይነፋ ነበር። የትም አልተነፋም። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጠበቀ፣ ቱቦውን ቀየረ። ያው አራት።

ኢንጂነሩ የመጣው ያኔ ነው። ኢንጂነር የምንለው ራሱን እንደዚያ ስለሚጠራ እንጂ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ነበር። ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍ ግን ያየው ሰው የለም። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው፤ እሱም ኮምፕሬሰራችንን ገመገመው። ከበሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ! አልዳሰሰው፣ ጆሮውን አላስጠጋ። ጭቃችን ጫማውን እንዳያቆሽሸው ይሆናል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ፒስተኑ ተበልቷል፣ ማሽኑ ሞቷል አለ። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው «አንተ» እያለ፣ ቅዳሜ ሰው ይዞ መጥቶ ብረቱን አንሥቶ እንደሚገላግለው ነገረው። በኋላ እንደሰማነው ጅማ ወስዶ አስጠግኖ ሊሸጠው ኖሯል። ውለታ መዋሉ ነበር እንግዲህ።

አባቴ ፒስተን በአንድ ሳምንት እንደማይበላ፣ ድምፁም የጤነኛ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነውና ሲጨነቅ አማርኛው ይደናቀፍበታል። ኢንጂነሩ ይሰማውና ፈገግ ይላል። እኔ ደግሞ በሳይንስ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፤ አባቴ በእንግዳ ፊት ሲንተባተብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«አባባ፣ ይተዉ በቃ። እርስዎ አያውቁም።»

ኢንጂነሩ ሣቀ። እኔም አብሬው ሣቅሁ። አባቴ የሳሙናውን ጣሳ መሬት አስቀመጠና ቅዳሜ ይምጣ አለ። ከሰውየው «አንተ» ይልቅ የኔ «እርስዎ» ሳያቆስለው አልቀረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለስንብት ይሁን ለምን እንጃ፣ አባቴ ኮምፕሬሰሩን አስነሥቶ ፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ሲግል ንቦች መጡ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት ስድስት ሆነው ማሽኑ አየር በሚስብበት በኩል ያለውን ክብ ቆርቆሮ ይዞሩት ጀመር። እኔ ልሸሽ ተነሣሁ፤ አባቴ ግን ተጠጋ። ልጅ ሆኖ ሥራው ቀፎ መስቀል ነበር። በኛ አገር አዲስ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ውስጡ ሰም ይቀባል፤ ንብ ሽታውን ተከትላ ትገባለች። ንቦቹን ትንሽ አያቸውና ግንባሩን በመዳፉ መታ። ለካ ክረምት ላይ ያ ቆርቆሮ ተሰንጥቆ ዝናብ ሲያስገባበት፣ የሚያፈስ እንስራና ጀሪካን በምንደፍንበት በሰም ደፍኖታል! ጥሩ አድርጎ ነበር የደፈነው፤ የሞተሩን ሙቀት ግን አላሰበውም። ፈቶ ሲያወጣው አየሩን የሚያጣራው ስፖንጅ የቀለጠውን ሰም ጠጥቶ እንደ ጧፍ ደርቋል። ማሽኑ አልሞተም፤ መተንፈሻ አጥቶ ነው።

ስፖንጁን በቤንዚን አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ መለሰው። ስንጥቁን በጎማ ቁራጭ ለጠፈው። መርፌው አራትን አለፈ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንት ሲደርስ «ሞላ» የምለው እኔ ዓይኔን ከመርፌው ነቅዬ አቀረቀርኩ። ሞተሩ ራሱ ቀጥ ሲል አባቴ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ቁጣውን ጠበቅሁ።

«ልክ ብለሻል ልጄ» አለኝ። «አላውቅም ነበር። ንቧ ናት የነገረችኝ።»

ቅዳሜ ኢንጂነሩ ሁለት ተሸካሚ ይዞ ከች አለ። ማሽኑ ሲያጓራ፣ አባቴም የአውቶብስ ጎማ ሲነፋ አገኘው። ለጊዜው ነው አለና ተመለሰ፣ አሁንም ከበሩ ላይ። የእሱ «ለጊዜው» አሥር ዓመት አልፎ ሠራ። ሰውየው የሞተር ሳይክሉን ጎማ ሊያስነፋ ስንቴ ተመላልሷል፤ አባቴ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይነፋለት ነበር። እኔ መርፌው ላይ አፍጥጬ በሆዴ ስሰድበው አደግሁ።

ዛሬ አባቴ የለም። በዚያ መንገድ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ብርጭቆ የማያንጫጫ፣ ድምፁ የማይሰማ መጥቷል። እኔ ኮሌጅ ገብቼ መካኒክ አስተምራለሁ፤ ነጭ ጋዋን አለኝ፣ እስክሪብቶም አላጣሁም። ባለፈው ሳምንት የወርክሾፓችን ኮምፕሬሰር አየር አልሞላ አለ። ተማሪዎቼ ዙሪያውን ቆመው እኔን ያያሉ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ምን ይከብዳል? አባቴ በገዛ ልጁ ፊት ብሎታል። አንዲት ተማሪዬ፣ አማርኛዋ ገና የሚደናቀፍ ከደካ ገጠር የመጣች ልጅ፣ «መምህር፣ ከፍተን ብናየውስ?» አለችኝ።

ፒስተኑ ተበልቷል አልኳት። ከበሩ ላይ ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።