«የት ጋ ነው የሚያምህ?»

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ እንደ ትራክተር ተቀምጠው በሚነዱት ማሽን ሣር ያጭዱ ነበር። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር፣ ሽቦ ከመንካታቸው በፊት «እስቲ የት ጋ ነው የሚያምህ?» ይሉታል። እኛ እንስቅባቸዋለን።

አምና መስከረም ሞተሩ ይነሣና ሊንቀሳቀስ ሲል ቀጥ ይልባቸው ጀመር። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ባትሪውን ለክተው፣ ፊውዙን ቀይረው፣ የዛጉትን የሽቦ ጫፎች ፈግፍገው ጨርሰዋል።

«ልጄ፣ እስቲ አንቺ ተቀመጪበት» አሉኝ።

ተቀመጥኩ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ሄደ። እሳቸው ሲቀመጡበት ግን ወዲያው ጠፋ። ከወንበሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ማጥፊያ አሳዩኝ። ነጂው ድንገት ቢወድቅ ሞተሩን የምታቆም ናት፤ ሰው መቀመጡን የምታውቀው በክብደቱ ነው።

«እሱስ ደህና ነው፤ የቀለልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሱሪያቸውን ወደ ላይ እየሳቡ።

ልብ ብዬ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ እርስዎንስ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ በሽታው ግን ቀድሞናል። ጥምቀት ሳይደርስ ቀበርናቸው።

ዘንድሮም ሣሩ አድጓል። በአጥሩ በኩል ሳልፍ የማሽኑን ድምፅ እሰማና እሳቸው እየመሰሉኝ ዘወር እላለሁ። የሚነዳው አንድ ትሑት ወጣት ነው። እጁን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔም እንባዬን እንዳያይብኝ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አልፋለሁ።