በሐሞት በኩል ያሉት በሮች

ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ግትርነቱ ለጉድ የሆነ ሰው። ባለፈው ዓመት ሙቀቱ ሊጀምር ሲል ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ያለችው ክፍሌ መጥቶ ወደቀ። ዓይኑ እርድ መስሏል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ቆዳው እስኪደማ ሲያክ ይውላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው የወፍ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱን ይዤዋለሁ አለኝ። መንገድ ላይ ያገኘው አንድ አዋቂ ቅጠል ቀምሞ በትንሽ ጄሪካን ሰጥቶታል፤ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ አንድ ስኒ፣ አሥራ አራት ቀን። መጀመሪያ ዓይኑ ብቻ ነበር ቢጫ የሆነው፣ ማከኩ የመጣው ከቅጠሉ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከተወራበት ይረክሳል ይባላል። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል በእናታችን አጥንት አስማለኝ። እኔም ጅሉ ማልኩ።

በግድ ጎትቼ ሆስፒታል አስገባሁት። ወደብ ላይ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ስለምሠራ ፈረንሳይኛ እችላለሁ፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ጅቡቲያዊት ወጣት ናት። የሚወስደው ነገር ካለ ስትጠይቀኝ፣ ወንድሜ ሳልተረጉምለት ገብቶት መሰለኝ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የለም አልኳት። ጄሪካኗ ግን በፌስታል ተጠቅልላ አልጋው ሥር ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ሲብስበት ለብቻዬ ጠራችኝና ወረቀት ላይ አንድ የጉበት ሴል ሣለችልኝ። የሴሉ ሽፋን ዙሪያውን አንድ ዓይነት አይደለም አለችኝ። በደሙ በኩል የሚያስገቡ ፕሮቲኖች ተተክለዋል፣ በሐሞቱ ቦይ በኩል ደግሞ የሚያስወጡ፤ ሁሉም በየቦታው ነው። እኔ ወደቡን አሰብኩ፤ ከመርከብ የሚገባበት ሌላ፣ የጭነት መኪና የሚወጣበት በር ሌላ። አንዳንድ መድኃኒት፣ አንዳንድ ቅጠልም ሲጎዳው፣ አስወጪዎቹ ፕሮቲኖች ከሽፋኑ ተነቅለው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ሐሞቱ መውጫ ያጣና ሴሉን መልሶ ይመርዘዋል። ቶሎ ከተቋረጠ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህን ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እርግጠኛ ነህ፣ ምንም አይወስድም?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። «ምንም» አልኳት። አቤት ፈሪነቴ!

ከዚያ ወንድሜ እግር ላይ ወድቄ ለመንኩት። ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ዛሬ ብትተወው ትድናለህ አልኩት። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፣ ካልሞላ ከንቱ ይሆናል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለቱንም ቀን ጠጣ። ስኒውን ማንሳት ስላቃተው አፉ ላይ ይዤ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጄሪካኗ ባዶ በሆነች ማግስት መቃዠት ጀመረ። ያኔ ክው ብዬ ሄድኩና ለሐኪሟ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ። ጄሪካኗን አምጣ አለችኝና አልጋው አጠገብ ቆማ ስታሸትት ወንድሜ ለአፍታ ነቃ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ተናገርክበት» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ አዝኖብኝ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር፤ በማግስቱ አረፈ። በአፌ እንደገደልኩት አምኖ ሄደ። የገደለው ዝም ያልኩበት ጊዜ መሆኑን አሁን ማን ይንገረው?