ለሰዓት የተላከ ሽማግሌ

ሰው ለገንዘብ ይሳሳል፣ ለልጅ ይሳሳል፤ እኔ የምሳሳው ለሰዓት ነበር። ከአብዮቱ በፊት ባሉት ዓመታት አሰላ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር። ደሞዜን ስቀበል ጓደኞቼ ጫማ ሲገዙ፣ እኔ ከሾፌሮች፣ ከነጋዴዎችና ከሰዓት ሠሪው መሳቢያ አሮጌ የስዊስ ሰዓት እለቅማለሁ። ስመ ጥሮቹ አይማርኩኝም፤ እነሱን ያሰረ ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ይውላል። የምወደው በእጅ የሚሞላ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ካላነበቡት የማይያዘውን ነው። አሥራ አንድ ደርሰውልኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም በየተራ ስሞላ ጓደኞቼ «ከብቶችሽን አልበሽ ጨረስሽ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከበቆጂ የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ገቡ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። ጠብታ ልጨምርላቸው ስጠጋ ግራ እጃቸው ላይ ያለችውን ሰዓት አየሁና ጠብታውን ጉንጫቸው ላይ አፈሰስኩት። በሰዓቷ ፊት ላይ፣ ከታች በኩል፣ ትንሽ መስኮት አለች፤ በመስኮቷ ወርቃማ ጨረቃ ብቅ ብላለች። እንደ እውነተኛዋ እየሞላች፣ እየጎደለች የምትሄድ ጨረቃ ናት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ሐጂ፣ ይሽጡልኝ» አልኩ፣ እንዴት አደሩ እንኳን ሳልል።

«ጅዳ ነው የገዛኋት። ከሰማይዋ ጨረቃ ሁለት ቀን ትቀድማለች፤ በየረመዳኑ እንጣላለን» አሉና ሳቁ። «ግን ኢንተላ ኮ፣ የቤቴ ልጅ ናት። ልጅ ደግሞ አይሸጥም።» ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ጨረቃዋ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። በመጨረሻ መላው መጣልኝ፤ ልጅ ባትሸጥም ትጠየቃለች። አከራዬን፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊና ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን፣ ሦስቱን ሽማግሌ አድርጌ ወደ በቆጂ ላክሁ። ሽማግሌ በመላክ ከአርሲ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቀጥሎ ኮታቸውን ተኮሱ።

በወጉ መሠረት ሐጂ «ተቀመጡ» ሲሏቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው፣ በዚያ በበቆጂ ብርድ ደጅ ላይ ቆሙ። ሐጂ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ፈገግም ሳይሉ «ዘመድ ላማክር» ብለው ለሁለት ሳምንት ቀጠሩ። በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ ስለ እኔ መጠየቅ ጀመሩ።

«ልጅቷ ዕቃ ከእጇ ይወድቃል?»

«መርፌ እንኳ ስትወጋ አታሳምም» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ሌላስ አላት?»

ልብስ ሰፊው መዋሸት አልሆነላቸውም። «አሥራ አንድ» አሉ።

ሐጂ በጣታቸው እስከ አራት ቆጥረው አቆሙ። «ለእኔ ለወንዱ እንኳ ከአራት በላይ አልተፈቀደልኝም፤ እኩል መያዝ ካልቻልኩ ደግሞ አንዷ ትበቃኛለች። እሷ ልጄን ለአሥራ አንድ ጣውንት ልትዳርግ ነው? ሦስት ብቻ አስቀርታ ትምጣ፤ የእኔ አራተኛ ትሆናለች። አለዚያ አልድርም።»

ልብስ ሰፊው ይህን የነገሩኝ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስምንቱን የሰው ላደርግ ነው? አልጋዬ ላይ ደርድሬያቸው ተናደድኩ፣ ሐጂንም በሆዴ ተሳደብኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን እኩል መያዝ ያሏት ነገር ቆጠቆጠችኝ። እውነቱን ለመናገር ከአሥራ አንዱ የማስራቸው ሁለቱን ነው፤ የቀሩት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንደታሰሩ ነው የሚኖሩት። አፈርኩ።

በቀን ሩብ ሰዓት የምትፈጥነውን ለዘበኛችን ሰጠሁት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁላችንም ቀድሞ ከሥራ የሚወጣው እሱ ሆነ። መስተዋቷ የተሰነጠቀባትን አዋላጇ ወሰደቻት፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር ደቂቃውን ለአገር ታሰማለች። ልብስ ሰፊው የምታምረዋን መርጠው «ይህ የሽማግሌ ድርሻ ነው» አሉኝ። የመጀመሪያዋን ስሰጥ አልቅሻለሁ፤ ስድስተኛዋ ላይ ስደርስ መስጠቱ ራሱ ጣፈጠኝ። በጤና ጣቢያው ግቢ ሳልፍ ከየእጁ ላይ ልጆቼ የሚጠሩኝ ይመስለኝ ጀመር።

ሦስቱን በአንድ እጄ ደርድሬ፣ ሽማግሌዎቼን ይዤ በቆጂ ሄድኩ። ሐጂ እጄን ይዘው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ሰዓታቸውን ፈተው በሌላው እጄ አሰሩልኝና መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁን። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ እልል አሉ፤ ሳቅ ግን እልልታውን አላስጨርሳቸው አለ። ሻይ ቀርቦ ጨዋታ ተጀመረ።

ጨዋታው መሐል ሐጂ እንደ ልማዳቸው ግራ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ባዶ ነው። ማሰሪያው የነበረበት ቦታ ነጥቶ ቀርቷል። ማንም ያላየባቸው መስሏቸው እጃቸውን ቀስ ብለው እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱት። ከሦስቱ አብልጬ የምወዳትን ፈታሁና፣ «ሐጂ፣ እኔም የቤት ልጅ አለችኝ፤ እርስዎ ሽማግሌ አያስፈልግዎትም» ብዬ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው።

ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ አዳመጧት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ ቀደማቸው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ፣ «አሁን ሦስት ቀረሽ ማለት ነው። ለአራተኛዋ ደግሞ በማን ደጅ ሽማግሌ ልታቆሚ ነው?»