ቤቱን ያፈረሰው ቅድመ አያቴ፤ ከመካኒሳ እስከ ፉሪ

ማለዳ፣ መነሻ

አባቴ ገና ሳይነጋ ካፖርቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ሳሎን ተቀምጧል። «ታክሲው አንቺን ብሎ አይቆምም» ይለኛል። እኔ ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር የትም የማይሄድ ሰው ዛሬ ምን እንደነካው አውቃለሁ። የምንሄደው የአያቱን ቤት ፍለጋ ነው።

ሰውየው ደስታ ይባላል። አዲስ አበባ ገና ድንኳን በነበረችበት ዘመን ከመናገሻ ጫካ ጥድ እያስቆረጠ፣ በበሬ እያስጎተተ ለቤት ሠሪው ሁሉ የሚሸጥ የእንጨት ነጋዴ ነበር። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ አገሩን ጠርቶ የሚያሠራው እሱ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቤተሰባችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ደስታ አንድ ቀን ተነሥቶ ያንን የሚያህል ቤቱን በገዛ እጁ አፈረሰ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ቡልጋ፣ አባቷ ቤት ገባች። ልጆቹንም «ጠጥቶ ጨረሰው» እያለች አሳደገቻቸው።

አባቴ በልጅነቱ ከዘመድ ልጅ ጋር በተጣላ ቁጥር «የቤት አፍራሽ ዘር» ይሉት ነበር። ሰባ ዓመት አልፎትም ይህችን ስድብ አልረሳትም። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ውስጥ እማማ ዘውዴ የሚባሉ የመካኒሳ ሴት የአያቱን ስም ሰምተው «የእንጨቱ ደስታ? እንግዲያው ቅዳሜ እኔ ቤት ይምጡ» አሉት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

«ሳልሞት ልወቀው» ይላል። «ሰካራም ከሆነም ሰካራም ነው፤ ይለይልኝ።»

ረፋድ፣ መካኒሳ

ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ከልኩ በላይ ጭኗል። ወያላው «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» ሲለው፣ አባቴ «ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ መሪውን ልይዝልህ ነው» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም።

መካኒሳ ወረድን። አቧራ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የሸንኮራ ክምር፣ ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ የሚጮህ ሬዲዮ። እማማ ዘውዴ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ግቡ ሳይሉን በፊት የአባቴን እጅ ይዘው የበሩ መቃን ላይ አሳረፉት። እንጨቱ ላይ የመጥረቢያ ምልክት አለ፤ ሁለት ረጅም፣ በመካከላቸው አንድ አጭር።

«ይህ የአያትዎ ምልክት ነው» አሉ። «ግንዱ መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ግንድ እንዳይቀላቀልበት ይመታው ነበር። ይህ ደግሞ ከገዛ ቤቱ የወጣ ነው።»

«ሸጠላችሁ?» አለ አባቴ።

«ኧረ ምን ሲደረግ። ሰጠን እንጂ።»

አንድ በጋ መጨረሻ ላይ እሳት ተነሥቶ ከዚህ እስከ ፉሪ ያለውን ሳር ቤት ሁሉ በላው አሉን። ክረምት ደጅ ላይ ቆሟል። ጫካው ሩቅ ነው፤ እርጥብ እንጨት ቢያቆሙት ደግሞ ይጣመማል። የደረቀ እንጨት ያለው ደስታ ብቻ ነው፤ እንጨቱም ቤት ሆኖ ቆሟል። ሰውየው ጣራውን አስወርዶ ለተቃጠለበት ሁሉ አንድ አንድ ቋሚ አካፈለ። ክረምቱን እሱ ራሱ በሰው ቤት ተጠግቶ አሳለፈ።

«ሚስቱም አይፈረድባትም» አሉ እማማ ዘውዴ። «ልጆቼን ዝናብ ላይ ቢያወጣብኝ እኔም ጥዬው እሄድ ነበር። ተቆጥታ ሄደች፤ እሱም እንደናፈቃቸው ሞተ። ታዲያ ማን ይንገራችሁ?»

አባቴ እጁን ከመቃኑ ላይ አላነሣም። እኔ ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆምኩ ያህል ፈራሁ። እማማ ዘውዴ ግን ቁጭ በሉም አላሉን። «ዛሬ ኑ ያልኳችሁ በምክንያት ነው። የቤቱ የመሐል ምሰሶ ፉሪ፣ እነ አቶ ጉተማ ዘንድ ነው ያለው። ዛሬ አዲስ ቤት ሊሠሩበት ነውና ቶሎ ድረሱ።»

እኩለ ቀን፣ ለቡ

ከለቡ ወዲያ ታክሲ የለም፤ ጋሪ ተሳፈርን። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። አልፎ አልፎ ጎጆ አለ፣ አልፎ አልፎ አዲስ የብሎኬት አጥር። እኔ ያገኘሁትን በር ሁሉ አንገቴን እያሰገግኩ አያለሁ።

«ቤት ልትገዙ ነው?» አለ ባለ ጋሪው።

«የኛን ቤት እየፈለግን ነው» አልኩት።

«የትኛው ነው?»

አባቴ በከዘራው ወዲያም ወዲህም አሳየው። «ከነዚህ ውስጥ ነው» አለ። ባለ ጋሪው ዘወር ብሎ አየውና ፈረሱን ገረፈ።

ከሰዓት በኋላ፣ ፉሪ

አሮጌው ቤት ፈርሷል። ምሰሶው ሣሩ ላይ ተጋድሟል። የስንት ዘመን ጭስ አጥቁሮታል፤ ውፍረቱ አንድ ሰው በሁለት እጁ እንደ ምንም የሚያቅፈው ነው። እንዲህ ያለ ጥድ በዕድሜዬ አላየሁም። ባለቤቱ አቶ ጉተማ ሥራ ላይ ስለሆኑ ማንነታችንን አልጠየቁንም፤ እንግዳ መስለናቸው በእጃቸው ብቻ ሰላም አሉን። ሰዎቹ ለማንሣት ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከግንዱ ሥር በኩል ግን አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ክፍት ነው።

«ሰው ጎደለባችሁ?» አለ አባቴ።

«አልጎደለም፣ ጋሼ» አሉ አቶ ጉተማ። «የሰጪው ቦታ ነው። በእኛ ዘንድ ምሰሶ ሲቆም እንጨቱን የሰጠው ሰው አብሮ ያነሣል። እሱ ከሌለ ዘሩ፤ ዘሩም ከሌለ ቦታው ይተዋል። አያቴም ትተውታል፣ አባቴም ትተውታል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፦ «የደስታ የልጅ ልጅ ነው።»

አቶ ጉተማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ክፍቱ ቦታ በእጃቸው አመለከቱ።

አባቴ ከዘራውንና ካፖርቱን ለእኔ ሰጠኝ። «ወገብህን» ብዬ ስጀምር፣ «ዝም በይ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ግንድ ያዘ። ሲያነሡት አቃሰተ፤ ግን አልለቀቀም። ምሰሶው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ሲል ሁሉም ወደ ኋላ አሉ። አባቴ ብቻ ግንዱን እንዳቀፈ ቀረ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። በኋላ ጭኮ ቀርቦልን በላን።

አመሻሽ፣ መመለሻ

በሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እንደ ከሰል ጠቁረዋል። መሀረብ ብሰጠው አልጠረገም። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አይታ አላስቻላትም።

«አባባ፣ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም፣ ልጄ» አላት። «የአያቴን ቤት ሳቆም ውዬ ነው።»