ባለ ስድስት ፊደሉ ቡና

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ «አላውቅም» ማለት ትልቅ ውርደት ይመስለኝ ነበር። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልላትም። የተጠየቅሁትን ባውቀውም ባላውቀውም ምላሴ ቀድሞ ይመልሳል፤ እናቴ «ይቺ ልጅ አፏ ሥራ አይፈታም» ትለኝ የነበረው ወድዳ አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ ቡና መሀል የተሠራ ነው፤ ያን ጊዜ ከስድስተኛ በላይ አያስተምርም ነበር። ሰባተኛ መግባት የፈለገ ሚዛን ከተማ ውስጥ የሚያሳድረው ዘመድ ያስፈልገዋል። እኔ አክስት ነበረችኝ፤ የቀረኝ የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነው። አባቴ የቡና ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም፣ አማርኛውንም የለመደው ገበያ ላይ ነው። አንድ ቀን አስቀምጦ ቁርጡን ነገረኝ። «ካርድሽን ማንበብ አልችልም፤ እኔ የማነበው አንቺን ነው። መማርሽን ካመንኩ ሚዛን ትሄጃለሽ፤ ካላመንኩ ቡና ለቀማው አለልሽ።»

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ቃላትን የሚያስጠናን መንታ መንታ እያደረገ ነው፤ አጀማመራቸው አንድ የሆነውን፣ የፊደላቸውም ቁጥር እኩል የሆነውን እየፈለገ ያጣምራል። ፋዘርና ፋርመር፤ ሁለቱም በኤፍና በኤ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ስድስት ስድስት ፊደል ናቸው። ሀዝባንድና ሀንድረድ፤ እነዚህ ሰባት ሰባት። አንዷ ጓደኛዬ ባልና መቶ ተምታተውባት «እናቴ ከመቶዋ ጋር ትኖራለች» ብላ በእንግሊዝኛ ስትናገር አስተማሪው ጠመኔውን ጥሎ ሳቀ።

ይህን ዘዴ ለአባቴ ስነግረው ደስታውን አልቻለውም። ማንበብ አይችልም እንጂ መቁጠርማ ማን ብሎት! ከሰዓት በኋላ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጥን ሳለ ደብተሬን ይቀበለኝና ቃላቱን በጣቱ እየነካ ይፈትነኛል። «ይቺ ባለ ስድስቷ፣ መጀመሪያዋ ከላይኛዋ ጋር አንድ የሆነችው፣ ምንድን ናት?» ይላል። ፋዘር አባት፣ ፋርመር ገበሬ ማለት ነው ስለው፣ ለዚህማ ሁለት ቃል ምን አደከማቸው፣ እኔ አንዱ ሰውዬ ሁለቱንም ነኝ አለ። እንደዚያ ደስ እያለኝ ያጠናሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ቃል ግን እሱ ራሱ ያውቅ ነበር። የነጋዴዎች ጆንያ ላይ ታትሞ አይቶት ኖሯል፤ ግማሽ ጨረቃ፣ ክብ፣ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ማበጠሪያ። ኮፊ፣ ማለትም ቡና። ደብተሬ ላይ ሲያገኘው የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ነው የመሰለው። ከሥሩ መንታው ተጽፏል፤ ያው ጨረቃ፣ ያው ክብ፣ ያው ሁለት ቁልፍ፣ ቁጥሩም ስድስት። የተለየው ጅራቱ ብቻ ነው። «ይሄስ?» አለኝ።

ያን ዕለት ቃሉን ከሰሌዳ ገልብጬው ነበር እንጂ ትርጉሙን አልሰማሁም፤ ከጎኔ ከተቀመጠችው ጋር ሳወራ አምልጦኛል። አላውቅም ብለው ምን ነበረበት? ምላሴ ግን መች አርፎ። «ላይኛው የታጠበ ቡና ነው፤ ታችኛው ከነልጣጩ የደረቀው፣ ጀንፈሉ» አልኩት። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ አደነቀ። ፈረንጅ ጠንቃቃ ነው፣ ለይቶ ነው የሚጽፈው አለ። ቃሉ ኮፊን መሆኑን፣ ትርጉሙም የሬሳ ሳጥን መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ያኔ እንኳ ሄጄ አልነገርኩትም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔም ይቀለኛል ብዬ ተውኩት።

ጀንፈሉ ሲደርቅ አባቴ ለናሙና ጥቂት በመሀረብ ቋጥሮ ሚዛን ገበያ ሄደ። መንገድ ዳር አንድ ቤት በር ላይ ያን ቃል አየ። ከላዩ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ አያነበውም፤ ጨረቃዋን፣ ክቧንና ቁልፎቹን አይቶ፣ ጅራቱንም አረጋግጦ፣ ጀንፈል የሚገዛው ይሄ ነው ብሎ ገባ። ባለቤቱ ብድግ ብሎ ተቀበለውና እግዜር ያጽናህ አለው። አባቴ ነገሩ ባይገባውም አሜን አለ። ትልቅ ነው ትንሽ ሲባል፣ ዘንድሮስ ትልልቅ ነው ብሎ መለሰ። ሰውዬው ደንግጦ ስንት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ይሄኔ አባቴ መሀረቡን ፈታለት።

ይህን ያወራልን በዚያ ሲያልፍ የሳጥን ሻጩን ሳቅ ሰምቶ የገባው አንድ ጎረቤታችን ነው፤ እሱም ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነበር የሚነግረን። አባቴ አልሳቀም። እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አላውቅም ብትዪኝ ምን አደርግሽ ነበር?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈትኖኝ አያውቅም። ማወቅ የፈለገው ነገር ሲኖር ደብተሬን ይዞ ማንበብ ወደሚችለው ወደዚያው ጎረቤታችን ይሄዳል። ትምህርት ቤት ስብሰባ አለ ብዬ ብነግረው እንኳ ጎረቤት ጠይቆ ነው የሚመጣው። ቢቆጣኝ፣ ቢገርፈኝ በተሻለኝ። ሚዛን ቀረብኝ ብዬ ቡና ሥር ተደብቄ ስንቴ አለቀስኩ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ተሰጠን። አባቴን ቡና ሲኮተኩት አገኘሁትና ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ፤ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ቤት ቀና ብሎ አየ።

«ወደ ሰባተኛ ተዛውራለች ነው የሚለው፣ አባዬ» አልኩት። ከዚያ ያልጠየቀኝን ጨመርኩ። «ይቺ በቀይ የተጻፈችው ግን እንግሊዝኛ ናት። አርባ አንድ። ወድቄያለሁ።»

ቀይዋን በጣቱ ነካ አደረጋት።

«በዚያ ሁሉ ቆጠራ?» አለና ሳቀ። ካርዱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ዘጠና ነው ብትዪኝ ጎረቤት ዘንድ ይዤው እሄድ ነበር።»

ካርዱን ለማንም አላሳየም። መስከረም ሲጠባ ፍራሼን ራሱ ተሸክሞ አክስቴ ቤት አደረሰኝ።