ከእኛ ጋር ያጠናው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሳሎን ጋደም ብዬ ሳለሁ፣ የልጄ ልጅ ሀያት በረንዳው ላይ ስታወራ ሰማኋት። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ዝም ትላለች፤ «እህ፣ ልክ ነህ» ብላ ትጽፋለች። ብቅ ብዬ ባይ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ከፊቷ ያለው ደብተሯና አንድ ባዶ ወንበር ብቻ ነው። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

ሳቀችና ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነጭ ነገር አሳየችኝ። እሷ እዚህ ወልቂጤ፣ የክፍሏ ልጅ ጉብሬ ቤቱ ሆኖ በስልክ ይጠያየቃሉ ለካ። «ምነው አባባ፣ ጂን ያየህ መሰልክ!» ብላ ቀለደችብኝና «እናንተስ ያኔ እንዴት ነበር የምታጠኑት?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ አጠናን ምክር መስጠት ቸግሮኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ የሚሸሸኝ ምክር ስለማበዛ ነው። ያን ቀን ግን ከምክሩ ቀድሞ የልጅነት ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው፤ አገሩ ቡታጅራ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያኔ እንዲህ እንደዛሬው ተራ ፈተና አልነበረም። ያለፈ ልጅ ሲሄድ ገበያተኛው ዞር ብሎ ያየዋል። የወደቀ ደግሞ ለሳምንታት በጓሮ በኩል ነው የሚወጣው።

ተክሌ የጎረቤታችን ልጅና የወንበር ጓደኛዬ ነበር። አምና ወድቆ ነው እኔ ክፍል የገባው። ድሬሰር መሆን ይመኛል። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ መርፌ ቀቅሎ፣ ሰው ማዳን። አባቱ ደግሞ ቁርጡን ነግረውታል፤ «ዘንድሮ ከወደቅህ አጎትህ ጋ መርካቶ ሱቅ ትገባለህ።» መርካቶ መግባት ለአብዛኞቻችን እንደ ሰርግ የሚናፈቅ ነገር ነበር። ለተክሌ ግን ወህኒ ነው። ሱቅ በተባለ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

የምናጠናው ከትምህርት ቤት መልስ እኛ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ነበር። እንሰት ውስጥ የተቀመጠ ያውቀዋል፤ ፀሐይ እያለ እንኳ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ ዝናብም ገና ሰውነት ሳይነካ ከላይ ቅጠሉ ላይ ይሰማል። በጉድጓድ የሚብላላው ቆጮ ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል። እዚያ ግንዶች ላይ ቁጭ ብለን አንዳችን ይጠይቃል፣ ሌላችን ይመልሳል። የተክሌ ችግር መርሳት ነው። ዛሬ የሸመደደውን ነገ ውሃ ይበላዋል። እያለቀሰ ራሱን በጡጫ ሲመታ አይቼዋለሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እየሳቀ መጣ።

«ከድር፣ አብሾ ጠጣሁ» አለኝ።

አብሾ የቆሎ ተማሪዎች ለትምህርት ይጠጡታል የሚባል ቅጠል ነው። የጠጣው ሰው ያየውን አይረሳም ይላሉ፤ ሲበዛበት ደግሞ አእምሮ ያዞራል ይላሉ። ተክሌ የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው። ገበያ ላይ ሥራ ሥር ከሚሸጥ ሰው ገዝቶ ጠጥቶታል። «ይልቅ አንተም ጠጣ» አለኝ። እናቴ ትገድለኛለች ብዬ እምቢ አልኩ። ያዳነኝ የእናቴ ፍራቻ እንጂ ጥበብ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተአምር ነበሩ። የታሪኩን ደብተር አንዴ አንብቦ ክድን ያደርግና ከነስርዝ ድልዙ ይወርደዋል። ቀናሁበት። ከዚያ ግን ዓይኑ መለወጥ ጀመረ። ብሌኑ ሰፍቶ ዓይኑን በሙሉ አጠቆረው። ከንፈሩ እየደረቀ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል። መንገድ ላይ ብቻውን ሲያነበንብ አባቱ በኩራት «ልጄ ዘንድሮ ጥናት ይዟል» ይሉ ነበር። ጥናትና እብደት ከሩቅ አይለዩም።

አንድ ቀን የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ይዘን ነበር። የተማሪ እጅ ሲያዞረው የኖረ መጽሐፍ ነው፤ ስለ አዋሽ ወንዝ የሚያወራው መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ተገንጥሏል። «እንግዲህ አዋሽ የት እንደሚገባ ማን ይንገረን?» አልኩ ለቀልድ። ተክሌ ወደ ቀኙ ዞሮ ባዶውን ግንድ አየ። ሰው ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ባሕር አይደርስም አለ። አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።»

«ማነው ያለው?»

«እሱ ነዋ» አለና ግንዱን በአገጩ አሳየኝ። የምቀልድበት መስሎት ቅር አለው።

በማግስቱ አስተማሪያችንን ጠየቅኩ። «አቤ ሐይቅ ነው። ገና አላስተማርኳችሁም፤ ማን ነገረህ?» አሉኝ። ተክሌ አምና ሰምቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይሆናልም። ግን ተክሌን ስጠይቀው «እኔ የት አውቄው፣ እሱ እኮ ነው የነገረን» አለኝ፤ ጓደኛውን እንደሚያስመሰግን ሰው ፈገግ ብሎ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ሆንን። ተክሌ ይጠይቀዋል፣ ይጠብቃል፣ ይስቃል፣ አንዳንዴም ይከራከረዋል። ወሩ ሰኔ ገብቶ የሰኔ ጾም ነበር። እናቴ ቆጮ ስታመጣልን የእኔን በጎመን ክትፎ፣ የተክሌን ቅቤ ባልነካው ጎመን ለይታ ነው። አንድ ቀን ሁለቱን ጣባ አስቀምጣ ልትመለስ ስትል ተክሌ «እማማ ዘይነባ፣ ለሱስ?» አላት።

እናቴ ግንዱን አየች፤ ቀጥሎ ተክሌን አየች። ትስቅበታለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይጾማል?» ብላ ጠየቀችው።

ተክሌ ዘንበል ብሎ ጠየቀና መልሱን ጠበቀ። «አይጾምም።»

«እንዲያማ ከሆነ የኛ ሰው ነው» አለችና ሦስተኛ ጣባ፣ ቅቤውን ጣል አድርጋበት፣ አምጥታ ግንዱ ላይ አኖረች። ተክሌ ከሄደ በኋላ ምግቡን ቢስሚላህ ብላ እንሰቱ ሥር ስትደፋው ደረስኩባት።

«እማ፣ አየሽው እንዴ?»

«እኔ ምን አየሁ! ልጄ፣ እንግዳ አለ ከተባልኩ የለም አልልም። ያለ ቢሆንስ?»

ለተክሌ አባት ሄዳ ልጁ እንደታመመ ነገረቻቸው። «ፈተናው ይለፍና ጠበል እወስደዋለሁ» አሏት። ፈተናው ይለፍ፤ ያን ሰሞን ሁሉ ነገር የሚቀጠረው ለዚያ ነበር። እኔም ብሆን አንድ ቀን ጥያቄ ጠይቄ፣ ተክሌ ዝም ሲለኝ፣ ሳላስበው ግንዱን አይቼ መልስ ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት። ፈራሁ። ከተክሌ ይልቅ ራሴን ፈራሁ።

የፈተናው ጠዋት ዝናቡ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠው ነበር። ፈታኞቹ ከሌላ አገር የመጡ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳችን በቁጥራችን ተራርቀን ተቀመጥን። ተክሌ ከፊቴ፣ በር አጠገብ ነበር። ወረቀቱ ታድሎ ሲጀምር እጁ በፍጥነት ሲሮጥ አየሁና ልቤ አረፈ። ያልፋል አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ለሱ ቁጥር አልሰጣችሁትም» አለ ለፈታኙ፣ በትሕትና።

«ለማን?»

«ለጓደኛችን። በር ላይ ቆሞ ዝናብ እየመታው ነው።»

ፈታኙ ወደ በሩ ዞሩ። ቶሎ ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ቆዩ። ምን እንዳዩ ወይም ምን እንዳሰቡ አላውቅም። በመጨረሻ «ቁጭ በልና ሥራህን ሥራ» አሉት፤ ድምፃቸው የቅድሙ አልነበረም።

«አብሮን አጥንቶ! እሱ ካልተፈተነ እኔም አልፈተንም» አለ ተክሌ። እርሳሱን አስቀመጠ። ተነሥቶ ወጣ።

በመስኮት አየሁት። ግቢው መሀል ቆሞ ኮቱን አወለቀ። ከፍ አድርጎ፣ ሰው እንደሚያስጠልል፣ ከጎኑ ዘረጋው። እንዲያ እንደያዘ፣ እርምጃውን ከሌላ ሰው እርምጃ ጋር እያስተካከለ፣ ራሱ እየበሰበሰ በበሩ ወጥቶ ሄደ። ወደ ወረቀቴ ስመለስ የቀጣዩ ጥያቄ አዋሽ ወንዝ የት እንደሚያበቃ ነበር። መልሱን አከበብኩ።

ተክሌን በዚያው ሰሞን ጠበል ወሰዱት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤቱ ትምህርት ቤት ተለጠፈ፤ እኔ አለፍኩ። እሱም ተመለሰ። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን የድሮው ዓይን ነው። ከሸመደደው ሁሉ አንድ ቃል አልቀረውም ነበር። ማለፌን ስነግረው አቀፈኝ። ስለ ራሱ ምንም አልጠየቀም፤ መርካቶ የሚሄድበት ልብስ ተሰፍቶለት ነበርና። ሊሄድ ሲል ግን ዞር አለ።

«ያ ልጅስ? አለፈ?»

«የቱ ልጅ?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«ከእኛ ጋር ያጠና የነበረው።»

ምን ልበለው? ፊቱን አየሁት። ለራሱ ያልፈራውን ለዚያ ልጅ ፈርቶለት ነበር።

«አለፈ» አልኩት።

«እሰይ!» አለ ተክሌ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሱ እንኳን አለፈ።»

ይህን ሁሉ ለሀያት አልነገርኳትም፤ ፈተና ላይ ላለች ልጅ አይነገርም። መክሬያታለሁ፤ እንቅልፍሽን አትንሺ፣ በትንሽ በትንሹ አጥኚ፣ ያወቅሽውን ለሌላ አስረጂ ብያታለሁ። በዚህ ምክር በርካታ ተማሪዎች አልፈዋል። ስሰጥ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ ተማሪ ነው፤ ከማናችንም በላይ ማለፍ የፈለገው፣ ነጭ ካፖርቱን ሳይለብስ የቀረው። ዛሬም ያሳዝነኛል።

እሷ ግን ጥያቄዋን አልተወችም። «እሺ፣ ስንት ሆናችሁ ነበር የምታጠኑት?»

ሁለት ልላት አፌን ከፈትኩና አልቻልኩም። «ሦስት» አልኳት።

«ሁላችሁም አለፋችሁ?»

«ሁለታችን» አልኩ። «ተክሌ ነው የቀረው።»